ትሉ የሚበላው

«ልጃቸው ታስሮ እነሱ ዓሣ ይቀልባሉ» አለች ከኋላዬ የቆመችው ሴት። ቦኖው ጋ ተሰልፈን ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ከፊቴ አሥራ አራት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። ሌላዋ፣ «የጨው ውሃ ነው አሉ፤ ከጅቡቲ ድረስ በመኪና የመጣ። ሰው እዚህ የሚጠጣው አጥቶ» ብላ መለሰችላት። አልዞርኩም። ሁለቱንም በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ፤ ልጄን የህያን በወሰዱት ሰሞን ሁለቱም ዳቦ በፌስታል ይዘው መጥተው ሳሎኔ ውስጥ አልቅሰዋል። ጀሪካኔን በእግሬ ወደፊት ገፋ አድርጌ ቀኝ እጄን ሻርፔ ስር ደበቅኩት። ሁለት ጣቶቼ አብጠዋል። ትናንት የዓሣው ሳጥን ውስጥ ያለውን ትል በባዶ እጄ ስለነካሁት ነው፤ ጠጉሩ እንደ ቁልቋል እሾህ ቆዳ ውስጥ ይቀራል። በፕላስተር እየለጠፍኩ ብነቅለውም ሁሉም አልወጣልኝም።

ሁለተኛዋ ሴት ያለችው እውነት ነው። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ አንድ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሳጥን አለ፤ ውስጡ ባሕር ነው። የህያ፣ የመጀመሪያ ልጄ፣ አኳሪየም ይለዋል። ከትንሽነቱ ጀምሮ ዓሣ ይወዳል። መጀመሪያ ከሰበታ ኩሬ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አምጥቶ በባልዲ አሳደገ፤ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ የባሕር ዓሣ ካልሆነ አለ። የባለቤቴ የሀሰኖ ወንድም ሰላሃዲን ከጅቡቲ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ስለሆነ በየጉዞው የባሕር ውሃ በጀሪካን ያመጣለት ጀመር። አንድ ጊዜ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ አመጣ። ሌላ ጊዜ ውሃ በተሞላ ላስቲክ ውስጥ አንዲት ዓሣ አመጣ፤ ጣት የምታክል፣ ብርቱካን የመሰለች፣ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀች። የህያ በባሕሩ ስም ታጁራ አላት። ትሎቹ የመጡት ድንጋዩ ውስጥ ተደብቀው ነው። ሀሰኖ የዚያን ቀን «ዓሣ ይበላል እንጂ ይታያል እንዴ?» ብሎ ስቆ ነበር። እሱ የላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን ይሸጣል። የመብራት ቢል በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ይዞ ሳጥኑ ፊት ይቆምና «ወይዘሮ ታጁራ፣ የአንቺ ድርሻ ይኸው» ይላት ነበር። ያኔ ቤታችን ውስጥ ይሳቅ ነበር።

የህያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሳጥኑን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። እኔ ፊደል የለየሁት በዚያው ዓመት ነው፤ በጎልማሶች ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ፣ መምህርት ሐኒ ዘንድ። የህያ ይህን ስለሚያውቅ በአንድ ሙሉ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል፣ በቃልና በቃል መካከል ሰፊ ቦታ እየተወ ጻፈልኝና ሳጥኑ ጎን ላይ ለጠፈው። ከመማሪያ መጽሐፌ ውጭ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ እሱ ነው። «እማ፣ ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት የሚቆነጠር ብቻ። ውሃው ሲጎድል ንጹሕ ውሃ ጨምሪ፣ ጨው አትጨምሪ። ድንጋዩ ውስጥ ጠጉራም ትል አለ። አትፍሪው፣ በባዶ እጅም አትንኪው። የተረፈ ምግብ የሚያጸዳልን እሱ ነው። ትሉ ከበዛ ምግብ በዝቷል ማለት ነው። ትሉን አትግደዪ፣ ምግብ ቀንሺ። ከቸገረሽ ኦቦ ደገፋ፣ ሰበታ።» አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። ቢሆንም በየቀኑ አነበዋለሁ፤ ፊደሎቹ የእሱ እጅ ናቸው።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ሊያሰፋ የነበረው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግርግሩ ግን አልቀረም። በመስከረም መጨረሻ ወጣቶቹ እዚህ ቡራዩ አስፋልቱን በድንጋይ ዘጉ። በማግስቱ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ ሦስት ሰዎች ሀሰኖ ሱቅ መጡ። «ልጅህን አንድ ሁለት ጥያቄ ጠይቀን እንመልሰዋለን። እኛ መጥተን ሰፈር ከምንረብሽ አንተው ይዘኸው ና» አሉት። ሀሰኖ የተነገረውን የሚያምን ሰው ነው። ቤት መጥቶ፣ ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣውን የህያን ከምሳ አስነስቶ፣ በእጁ ይዞት ሄደ። የህያ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር። «ጫማ ልቀይር» ሲል አባቱ «አሁን ትመለስ የለ እንዴ» አለው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «እማ፣ ዛሬ ታጁራ የምትበላበት ቀን ነው፤ እንዳትረሺ» አለኝ። ዛሬ ሃምሳ ሦስት ቀኑ ነው። ሀሰኖ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩትም። ራት ላይ ከትንሿ ልጄ ከሲድራ ጋር ስለ ትምህርት ቤቷ እናወራለን፤ እሱ ሳህኑን እያየ ይቆይና ተነስቶ እጁን ይታጠባል።

የህያ የት እንዳለ ግን እናውቃለን። ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አሮጌ የእህል መጋዘን አለ፤ ብዙዎቹን እዚያ ነው ያስገቧቸው። በመጀመሪያው ሳምንት እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰው «ሴቶች አትምጡ፤ ታለቅሱና ሰው ትሰበስባላችሁ» ብሎ መለሰን። ከዚያ ወዲህ የሚሄደው ሀሰኖ ብቻ ነው። በየቀኑ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ፣ ታክሲ እየቀያየረ ይሄዳል። አሥር ሰዓት ላይ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ይመለሳል። ምሳ ዕቃውን ማጀት አስቀምጦ ወደ ሱቁ ይሄዳል። ማታ «በላ?» እለዋለሁ። «በላ» ይለኛል። የቀኑ ንግግራችን ይኸው ነው። ምሳ ዕቃውን ከፍቼ አያለሁ፤ ጥጉ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ እንኳ የለችም። ከልጄ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ያ ባዶ ምሳ ዕቃ ነው። እሱን አንብቤ ነው የምተኛው።

ከቦኖው ስመለስ ሊጡን አቡክቼ ምስሩን ጣድኩ። ምስር ኪሎው አርባ አምስት ብር ገብቷል፤ ቢገባም የህያ ከሁሉም የሚወደው የምስር ሳምቡሳ ነው፣ ቃሪያ የበዛበት። ባበጠ ጣት ሊጥ ማጠፍ ከባድ ነው፤ ማዕዘኑ እምቢ ይላል። ስድስት ሳምቡሳ ጠብሼ ከላይኛው ሳህን አደረግኩ፤ ከታች ሩዝ። ሀሰኖ የማጀቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጣቶቼን አየ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትሉ ነው። በጣም በዝቷል።»

«ለምን በዛ?»

«እኔ ምን አውቄ። በሁለት ቀን አንዴ ነው የማበላት። የህያ እንዳለው በሁለት ጣት።»

ወደ ሳሎኑ ሳጥን አየት አደረገ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን አንስቶ ወጣ፤ በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ትሎቹ ብርሃን አይወዱም። ቀን ላይ ለማየት ቤቱን ማጨለም ስለማይቻል እኔ ያገኘሁት ዘዴ ብርድ ልብስ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው በባሕር ዛፍ እንደሚታጠን፣ እኔና ሳጥኑ አንድ ላይ እንከናነባለን። ትንሽ ከቆየሁ በኋላ የስልኬን ባትሪ በጣቴ ሸፍኜ አበራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አንድ ቆጥሬ ነበር። ዛሬ መቁጠር ተውኩ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ቀይ ራስ ይወጣል፤ ጎን ለጎኑ እንደ ብሩሽ ነጭ ጠጉር ያለው፣ አንዳንዱ ከጣቴ የረዘመ። የህያ ባሳየኝ መሠረት የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን በስቼ፣ ትንሽ ምግብ ጨምሬ፣ ማጥመጃ ሠርቼላቸው ነበር። በአንድ ቀን ዘጠኝ ገቡልኝ። ዘጠኝ ከምን ይቆጠራል? ታጁራ ከድንጋዩ ርቃ ከፓምፑ ስር ተጠግታለች። አፏን ቶሎ ቶሎ ትከፍታለች። የጅራቷ ጫፍ ተበጣጥሷል። ትሎቹ እየበሏት እንደሆነ እርግጠኛ ሆንኩ። ብርድ ልብሱን ገልጬ ማጀት ሄድኩና የበረኪናውን ጠርሙስ አነሳሁ። ከዚያ ወረቀቱ ታወሰኝ። ትሉን አትግደዪ። መልሼ አስቀመጥኩት። ልጁ ሲመጣ ባዶ ሳጥን ሊያገኝ ነው? «አንዲት ዓሣ ነበር አደራ ያልኩሽ» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?

በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሲድራ ከስልኳ ፈልጋ ትነግረኝ ነበር። የስልክ ኢንተርኔት ከተዘጋ ግን ወር አልፎታል። ሰላሃዲንም መንገድ ከተዘጋ ወዲህ መኪናውን ድሬዳዋ አቁሞ ተቀምጧል፤ ከባሕር ውሃው የቀረኝ አልጋ ስር ያለው አንድ ጀሪካን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ትል በመቆንጠጫ ይዤ ባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ውስጥ ከነውሃው ከተትኩት። ልወጣ ስል ጎረቤቴ ገለቴ ዳቦ ይዛ መጣች። በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፤ የእሷም የእህት ልጅ ከተወሰዱት አንዱ ነው። ቁጭ ከማለቷ በፊት እንደ ልማዷ ከዳቦው ቆንጥራ ወደ ሳጥኑ ሄደች።

«ገለቴ፣ ተይ እባክሽ፤ አትጣይባት።»

«ምነው? ዓሣም እንደ ሰው ሐዘን ላይ እህል አይወርድላትም?» አለች እየሳቀች፤ ፊቴን አይታ ግን ሳቋን ተወችው። ዳቦውን መልሳ በላችው። በሩን አብረን ዘግተን ወጣን።

ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ነው። አስኮ፣ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ የሰበታው። ብርጭቆውን በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። አለም ገና ስንደርስ ወታደሮች አስቆሙንና ውረዱ አሉን፤ በአንድ መስመር ቆመን ቦርሳችን ተፈተሸ። አንዱ ልጅ እግር ወታደር ፌስታሌን ገልጦ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሳው።

«ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትል ነው።»

«የምን ትል?»

«የባሕር። ከቡራዩ ከቤቴ ነው ያመጣሁት።»

ወታደሩ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ቡራዩ ባሕር አለ እንዴ?» አለው። ሰው ሁሉ ፈርቶ ቆሞ ነበር፤ ያኔ ግን አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የታክሲው ረዳትም አጋጣሚውን አግኝቶ «ማዘር፣ ትሉም ወንበር ስለያዘ ሒሳብ ይከፍላል» አለ። ወታደሩ ራሱ ፈገግ ብሎ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰልኝ። የየህያ እኩያ ነው። መኪና ውስጥ ስንመለስ ፍርሃቱ የለቀቃቸው ሰዎች ማውራት ጀመሩ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ለጎረቤቱ «የሱሉልታውን መጋዘን እኮ ባዶ አድርገውታል። በአውቶቡስ ጭነው ወሰዷቸው፣ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም» አለው። ትከሻውን ነካሁት። «ወንድሜ፣ ተሳስተሃል። ልጄ እዚያ ነው። በየቀኑ ምሳውን ይበላል» አልኩት። ሰውዬው ዞሮ አየኝ። «እሺ እናቴ» አለ፤ ከዚያ እስክንወርድ ድረስ መስኮቱን እያየ ሄደ።

ኦቦ ደገፋ ዕድሜያቸውን በሙሉ የዓሣ ኩሬ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለየህያ የመጀመሪያዎቹን ቆሮሶዎች የሰጡት እሳቸው ናቸው። ድሮ ቤታቸው በር ላይ ተቁሞ ማሳቸው እስከ ወንዙ ይታይ ነበር፤ አሁን ከበሩ አሥር እርምጃ ላይ የፋብሪካ ግንብ ቆሟል፤ ግቢው በቀትርም ጥላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ በቀለች ወንበር አወጣችልኝ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተሎ? ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ እሳቸው። «ያ ዓሣ ወዳዱ ልጅስ?»

«አለ ኦቦ፤ ሱሉልታ መጋዘኑ ውስጥ ነው።»

በቀለች ቀና ብላ ባሏን አየችው። «እዚያ አሁን ሰው አለ እንዴ?» አለች።

«አለ። ምሳው በየቀኑ ይገባለታል፣ ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል» አልኩ። ኦቦ ደገፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በይ የያዝሽውን አሳዪኝ» አሉ። ነጭ ሳህን አስመጥተው ትሉን ገለበጡት። መነጽራቸውን አድርገው፣ በእንጨት ስንጥር ወዲያ ወዲህ እያገላበጡ፣ ብዙ ጊዜ ወሰዱ።

«እኔ የባሕሩን አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ትል ግን ትል ነው። ይሄ ጠግቧል። ኩሬው ላይ ሳለን ትል ሲበዛ ትሉን አናባርርም ነበር፤ ዘበኛውን ነበር የምናባርረው።»

«ለምን?»

«የተረፈ ምሳውን እየደፋበት ነዋ። ትል ከአየር አይወፍርም። ዓሣዋንም የሚጎዳት እሱ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ የሚበሰብሰው ምግብ ነው። ከቤትሽ ሰው አንዱ ያበላል።»

«ጎረቤት ዳቦ ይጥልባታል፤ እሱ ይሆን?»

«ዳቦ?» ሳህኑን እንደገና አዩት። «ዳቦ እንዲህ አያሰባም። ሂጂና ድንጋዩን አንሺው። ትሉ የተከማቸበት ቦታ ላይ ምግቡን ታገኚዋለሽ። አንቱን ልጠይቅ መጣሁ ትዪኛለሽ፣ ትሉን ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቅሽውም፤ ምን እንደሚበላ።» እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ። ታክሲ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ። ልገባ ስል ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚያደርገው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ የዛሬውን ትምህርቴን ትቼዋለሁ። ሲድራ ከትምህርት ቤት አልመጣችም። እጆቼን እስከ ክርኔ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጫፉን በላስቲክ አስሬ፣ የየህያን ረጅም የፕላስቲክ መቆንጠጫ ይዤ የሳጥኑን ክዳን ከፈትኩ። ሽታው ልክ አልነበረም፤ የቆየ ወጥ ዓይነት። ድንጋዩን ቀስ ብዬ ወደ ፊት ሳብኩት። ከኋላው፣ ከሳሎን ተቁሞ በማይታይበት ቦታ፣ ትሎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው እንደ ክር ጥቅል ተከምረዋል። በመቆንጠጫው ገለጥ ገለጥ ሳደርጋቸው ወደየቀዳዳው ሸሹ። አሸዋው ላይ የቀረውን አየሁት።

ምስር ነበር። መጀመሪያ ጠጠር ነው ብዬ ነበር። አንዱን በመቆንጠጫው አውጥቼ መዳፌ ላይ አደረግኩት፤ የተቀቀለ ምስር ነው። አጠገቡ ያበጠ፣ የነጣ የሊጥ ቁራጭ አለ፤ በአንድ ጎኑ እኔ የምጫነው የሹካ ጥርስ ምልክት ገና አልጠፋበትም። የቃሪያ ፍሬም አለ። ገለቴ ዳቦ እንጂ ሳምቡሳ አታመጣም፣ አልኩ ለራሴ። ሲድራ ቃሪያ አትቀምስም። እንግዳ ሳምቡሳ አልቀረበለትም፤ እኔ ከተሠራው ስድስቱ አንዱን እንኳ ለቤት አላስቀርም። ስድስቱም ምሳ ዕቃ ውስጥ ነው የሚገቡት። ምሳ ዕቃው ደግሞ ወደ መጋዘኑ ነው የሚሄደው።  ያ የታክሲው ሰውዬ፣ በቀለች ባሏን ያየችበት ዓይን፣ የኦቦ ደገፋ እጅ ትከሻዬ ላይ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። ድንጋዩን መለስኩት። ክዳኑን ዘጋሁ። መኝታ ቤት ገብቼ ፌስታሉ እጄ ላይ እንዳለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ላይ የግቢው በር ተከፈተ። ሀሰኖ ቤቱ ባዶ መስሎት ገባ። ከመጋረጃው ጀርባ አየው ነበር። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ሩዙ የለም። ሁለት ሳምቡሳ ቀርቶ ነበር። አንዱን እጁ ላይ አድርጎ በጣም ትንሽ ትንሽ አድርጎ ቆረሰው፤ ያ ወፍራም፣ ጀሪካን ሲያነሳ ሲጥል የኖረ ጣቱ እንዲያ ያለ ሥራ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሳጥኑን ክዳን አነሳ። ቁራሹን በመቆንጠጫው ይዞ ከድንጋዩ ኋላ ወሰደው፤ ሕፃን ልጅ እንደሚያጎርስ ሰው የእሱም አፍ አብሮ ተከፈተ። «ብላ» አለ በቀስታ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ የምሳ ዕቃውን ጥግ በጣቱ ጠረገና ጣቱን ውሃው ውስጥ አጠበው። ባዶነቱን እንዲህ ነበር የሚያዘጋጅልኝ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ዞሮ አየኝ። ክዳኑን የያዘ እጁ እዚያው ቀረ።

«በላ?» አልኩት። 

 ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ እጁ ጨው ውሃ ያንጠባጥባል። «ከመጋዘኑ ከወጣ ሃያ አንድ ቀኑ ነው» አለ። «በአውቶቡስ ወሰዷቸው። የት ብል የሚነግረኝ የለም። መዝገቡን ልይ ብል ሂድ አሉኝ።»

«ታዲያ በየቀኑ የት ነው የምትሄደው?»

«እዚያው። በሩ ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። ከመለሷቸው ብዬ።» እርጥብ እጁን ጉልበቱ ላይ ጠረገ። «ሩዙን ከመስጊዱ በር ላሉት እሰጣለሁ። ራሴ ልብላው ብል አልወርድ አለኝ። ሳምቡሳውን ግን በሙሉ ለሰው መስጠት አቃተኝ፤ ሁለቱን አስቀራለሁ። ለእሱ የተሠራ ነው። የእሱ የሆነ ነገር ይብላው ብዬ ነው።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ በሃምሳ ሦስት ቀን ውስጥ ያልተናገረውን ተናገረ። «በዚህ እጄ ነው የወሰድኩት፣ ራቢአ። ጫማ እንኳ አላስቀየርኩትም።»

መጮህ ፈልጌ ነበር። ሃያ አንድ ቀን ባዶ ዕቃ አሳቅፈህ አስተኛኸኝ ልለው ፈልጌ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ እንጂ አልጮህኩም። ከፊታችን ሳጥኑ ነው፤ ጎኑ ላይ ወረቀቱ። ሀሰኖ ሳነብ ሰምቶኝ አያውቅም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቅ ነው የሚሆነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩለት። «ትሉ ከበዛ፣ ምግብ በዝቷል ማለት ነው። ትሉን አትግደዪ፣ ምግብ ቀንሺ።» ጥሩ አድርጌ አነበብኩት፤ አንድም ፊደል አልሳትኩም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እስኪያበቃ ጠበቅኩት። ከዚያ ተነስቶ ሳልነግረው አልጋ ስር ያለውን የመጨረሻውን ጀሪካን አወጣ። አሸዋው ላይ ያለውን ምስር ፍሬ በፍሬ ለቀምኩ፤ እሱ የቆሸሸውን ውሃ በቱቦ እያወጣ የባሕሩን ጨመረ። ታጁራ ከፓምፑ ስር ትንሽ ወጣ አለችና ተመለሰች። ትኑር አትኑር አላውቅም። ሌላ ባሕር የለንም።

ጀሪካኑን አጥበን ሳንጨርስ ሲድራ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ እያዘለለች ገባች። የአባቷን እርጥብ ጉልበት አየች፣ እኔን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ምሳ ዕቃ አየች።

«አባ፣ የህያ ዛሬ በላ?»

ሀሰኖ ወደ እኔ ዞረ።

«በላ» አልኳት እኔ።

ምሳ ዕቃውን ከፍታ አየችና ደስ ብሏት ወደ ማጀት ወሰደችው። ስታጥበው እየዘፈነች ይሰማል። ሀሰኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገም ልሂድ?» አለኝ። «ሂድ» አልኩት። ጣሳውን አውርጄ እንደ ሁልጊዜው ለነገው አንድ እፍኝ ምስር ሰፌድ ላይ አፈሰስኩና መልቀም ጀመርኩ። ትንሽ እንደለቀምኩ ቆምኩ። ሰፌዱ ላይ ያለውን በእጄ ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን ወደ ጣሳው መለስኩት።